የግሪክ ባህል ምሽትና ጉዞ በዩኒቨርሲቲ ግቢ፦ የአዘገጃጀት መመሪያ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ሴሚስተር በተከፈተ ቁጥር የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ማኅበራችን ከግሪክ ተማሪዎች ጋር የባህል ምሽት ለማዘጋጀት ተስማምቷል፤ ከዚያም አብረን አንድ ቀን ለመጓዝ አስበናል፤ ከየት እንጀምር?» ለእያንዳንዱ ጠያቂ በተናጠል ስመልስ ለአንዱ የነገርኩት ለሌላው ሳይነገር ስለሚቀር፣ ሥራውን በቅደም ተከተል እዚህ ጽፌዋለሁ።

መመሪያው ሁለት ዝግጅቶችን ይመለከታል። አንደኛው ግሪኮች «ግሌንዲ» የሚሉት፣ ምግብ፣ ሙዚቃና የክብ ጭፈራ ያለበት ምሽት ነው፤ ሁለተኛው የአንድ ቀን ጉዞ ነው። መጠኖቹ የተሰሉት 40 ያህል እንግዳ ለሚገኝበት ምሽትና 15 ያህል ሰው ለሚሄድበት ጉዞ ነው።

አብዛኛው አዘጋጅ ሥራውን የሚጀምረው አዳራሽ ከመፈለግ ወይም የምግብ ዝርዝር ከማውጣት ነው። መጀመር ያለበት ግን ቀን ከመምረጥ ነው። ቀኑ የጾም ወይም የፍስክ መሆኑ ምግቡን ይወስናል፣ ምግቡ ደግሞ በጀቱንና የምግብ አቅራቢውን ይወስናል፤ ቀኑ ከተሳተ ሌላው ሁሉ በትክክል ቢሠራም ግማሹ እንግዳ ባዶ ሳህን ይዞ ይቆማል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለምሽቱ፦
- ወንበርና ጠረጴዛው ወደ ዳር ሊገፋ የሚችል፣ ወለሉ ምንጣፍ የሌለበት አዳራሽ
- አንድ ጠንካራ ስፒከር፣ አንድ ማይክ፣ የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ ገመድና ገመዱን ወለል ላይ የሚያጣብቅ ሰፊ ፕላስተር
- ኢንተርኔት ቢቋረጥም እንዲሠራ አስቀድሞ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ የተጫነ የሙዚቃ ዝርዝር
- የምግብ ማሞቂያ ትሪዎች፣ የምግብ ቴርሞሜትር፣ ለእያንዳንዱ ምግብ የተለየ ማንኪያ
- የምግብ ስም የሚጻፍባቸው ወፍራም ካርዶችና ማርከር
- ለጭፈራ መሪው አንድ ነጭ መሐረብ

ለጉዞው፦
- የተጓዦች ስምና የድንገተኛ ጊዜ ተጠሪዎቻቸው ስልክ ዝርዝር፣ በወረቀት ታትሞ
- የሙዚየሙና የምግብ ቤቱ አድራሻ፣ የመሄጃና የመመለሻ ባቡር ሰዓት
- ውኃና ቀላል የጾም ምግብ
- ለካይት ጉዞ ካይት (በክር ተይዞ በነፋስ የሚበር መጫወቻ)፣ ትርፍ ክርና ጓንት

1. ትክክለኛውን ማኅበር ያግኙ፤ ስምምነቱን በጽሑፍ ያድርጉ

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች «ግሪክ» የሚል ስም የያዘው ቢሮ ብዙውን ጊዜ ከግሪክ አገር ጋር ግንኙነት የለውም፤ በግሪክ ፊደላት የሚጠሩትን ፍራተርኒቲና ሶሮሪቲ የሚባሉ የተማሪ ማኅበራት የሚያስተዳድር ክፍል ነው። የባህል ማኅበራቱ በአብዛኛው የሚመዘገቡት «ሄሌኒክ» በሚል ስም ስለሆነ፣ በተማሪዎች ማኅበራት ዝርዝር ውስጥ የሚፈልጉት ይህንን ስም ይሁን። አለበለዚያ ደብዳቤዎ የማይመለከተው ክፍል ደርሶ ሳምንታት ይባክናሉ። በግቢው እንዲህ ያለ ማኅበር ከሌለ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ተማሪዎችን ኅብረት ወይም በአቅራቢያው ያለ የግሪክ ቤተ ክርስቲያን የወጣቶች ክፍልን ይጠይቁ።

ከተገናኙ በኋላ አዳራሹ በማን ስም እንደሚያዝ፣ ማን ምን እንደሚከፍል፣ ምግቡን ማን እንደሚያዝና ጽዳቱን ማን እንደሚሠራ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ያዙት። ዩኒቨርሲቲዎች ለተሰበረ ዕቃና ለተበላሸ ወለል የሚጠይቁት አዳራሹን በስሙ ያስያዘውን ማኅበር ነው፤ ወጪውን ለመካፈል በቃል ብቻ መስማማት ክፍያው ሲመጣ ጭቅጭቅ ያስከትላል።

2. ቀኑን በሁለቱም የጾም አቆጣጠር አመዛዝነው ይምረጡ

ትልቁ ሥራ ይህ ነው። የግሪክና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ፋሲካን የሚያከብሩት በአንድ ቀን ነው፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2026 ኤፕሪል 12፣ በ2027 ደግሞ ሜይ 2 (ሚያዝያ 24 ቀን 2019 ዓ.ም.) ይውላል። ከዚህ ተነሥቶ ብዙ ሰው ሌላውም በዓልና ጾም ሁሉ አንድ ይመስለዋል። ግሪኮች ልደትን የሚያከብሩት ዲሴምበር 25 ነው፤ የልደት ጾማቸውም ኖቬምበር 15 ጀምሮ ከዚያ በፊት ያበቃል። የእኛ ነቢያት ጾም ኖቬምበር 24 ገደማ ይገባና እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። ስለዚህ በዲሴምበር የመጨረሻ ሳምንት ግሪኩ ሲፈስክ ኢትዮጵያዊው ገና እየጾመ ነው።

በዐቢይ ጾም ላይ ያለው ልዩነት አንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ አዘጋጆችን በብዛት የሚያሳስተውም ይኸው ነው። የእኛ ጾም 55 ቀን ስለሆነ ሰኞ የሚገባው ከፋሲካ 55 ቀን ቀድሞ ነው። የግሪኮች ጾም የሚጀምርበት «ንጹሕ ሰኞ» ደግሞ ከፋሲካ 48 ቀን ይቀድማል። በ2027 የእኛ ጾም ማርች 8 ሲገባ የእነርሱ ማርች 15 ይገባል። በመካከል ያለው ሳምንት ግሪኮች ሥጋ ትተው አይብ፣ ወተትና እንቁላል የሚበሉበት ሲሆን፣ ጭምብል የሚደረግበት የአፖክሪየስ ጭፈራ የሚደምቀውም በዚያ ሳምንት መጨረሻ ነው። በዚያ ቅዳሜ ምሽት የግሪክ ማኅበር ቢጋብዛችሁ ጠረጴዛው በአይብ ተሞልቶ ታገኙታላችሁ፤ ለኢትዮጵያውያኑ ግን የጾሙ የመጀመሪያ ቅዳሜ ነው። ዝግጅቱ የጋራ ከሆነ ይህንን ሳምንት አይምረጡ፤ ከመረጡም የጾም ምግብ በበቂ መጠን እንዲቀርብ አስቀድመው ይስማሙ።

የሚመቹትን ጊዜያት ከዓመቱ ውስጥ ላመልክት።

ከጃንዋሪ አጋማሽ እስከ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ያለው ጊዜ የቫሲሎፒታ ጊዜ ነው። ቫሲሎፒታ በውስጡ ሳንቲም የሚደበቅበት የአዲስ ዓመት ኬክ ሲሆን፣ ማኅበራት ቆርሰው የሚካፈሉት በጃንዋሪ 1 ብቻ ሳይሆን ወሩን ሙሉ፣ አንዳንዴም ፌብሩዋሪ ድረስ ነው። ሴሚስተሩ ገና መከፈቱ ስለሆነ ፈተና የለም፤ ብዙ ዝግጅትም አይጠይቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያዘጋጅ ኮሚቴ ይህንን ከሁሉም አስቀድማለሁ።

ሁለተኛው ጺክኖፔምፕቲ የሚባለው ሐሙስ ነው፤ ግሪኮች ከጾም በፊት ሥጋ ጠብሰው የሚበሉበት ቀን ነው። ከንጹሕ ሰኞ 11 ቀን ስለሚቀድም የእኛም ጾም ሊገባ አራት ቀን ይቀረዋል፤ ሁለቱም ወገን ሥጋ ከሚበላባቸው የመጨረሻ ምሽቶች አንዱ እርሱ ነው። በ2027 ማርች 4 ላይ ይውላል። ሆኖም ያ ቀን ረመዳን ሳያበቃ የሚደርስ ስለሚሆን፣ ሙስሊም እንግዶች ካሉ ምግቡ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይቅረብ፤ ለማፍጠሪያ ቴምርና ውኃ፣ ለመስገጃም ጸጥ ያለ ክፍል ይዘጋጅ።

ሦስተኛው ከፋሲካ በኋላ ያሉት 50 ቀናት ናቸው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጊዜ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም የዓርብ ምሽት እንኳ ያመቻል፤ ከግሪኮቹ መካከል ከፋሲካ ሳምንት በኋላ ዓርብን የሚጾሙ ስለሚኖሩ ግን አስቀድመው ይጠይቋቸው። ፋሲካ ዘግይቶ በሚውልበት ዓመት፣ ለምሳሌ በ2027፣ ይህ ጊዜ ከማጠቃለያ ፈተና ጋር ስለሚጋጭ ምሽቱን ወደ መስከረም ወይም ወደ ጺክኖፔምፕቲ ያዛውሩት። ኦክቶበር 28 የሚውለው የግሪክ ብሔራዊ በዓልም አማራጭ ነው፤ በዚያ ጊዜ ጽጌን በፈቃዳቸው የሚጾሙ ሰዎች መኖራቸውን ብቻ ያስታውሱ።

ማርች 25 የግሪክ ብሔራዊ በዓልና የብሥራት ቀን ነው። ግሪኮች ጾም ላይ ሳሉም በዚያ ቀን ዓሣ ይበላሉ፤ የተለመደው ምግብ የተጠበሰ ኮድ ዓሣ ከነጭ ሽንኩርት ማባያ ጋር ነው። በእኛ በኩል በዐቢይ ጾም ዓሣ የማይበላው ስለሚበዛ ሁለተኛ የጾም ምግብ ያስፈልጋል።

ከፋሲካ በኋላ ካሉት 50 ቀናት ውጪ ረቡዕና ዓርብን ይተዉ፤ ቅዳሜ ምሽት ይሻላል።

3. አዳራሹን በክቡ ልክ ይምረጡ

የግሪክ ጭፈራ እጅ ለእጅ ተያይዞ በክብ የሚጨፈር ስለሆነ፣ የአዳራሹ የመቀመጫ ብዛት ብቻውን አይጠቅምዎትም። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ አንድ ሰው በክቡ ላይ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ይይዛል። 30 ሰው ሲጨፍር የክቡ ዙሪያ 22 ሜትር ተኩል፣ ከዳር እስከ ዳር ያለው ስፋት ደግሞ ከ7 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ከክቡ ውጪ በየአቅጣጫው አንድ ሜትር መተላለፊያ ሲጨመር ቢያንስ 9 ሜትር በ9 ሜትር ባዶ ወለል ያስፈልጋል። አዳራሹን ሄደው በሜትር ይለኩት፤ በፎቶ አይመኑ፤ መካከሉ ላይ ምሰሶ ያለው አዳራሽ በፎቶ ሰፊ ይመስላል።

ቦታው ከጠበበ ክቡን ሁለት አድርገው አንዱን በሌላው ውስጥ ያስገቡት፤ ግሪኮችም ሲበዙ እንዲሁ ያደርጋሉ። ምንጣፍ ያለበትን ክፍል ግን አይቀበሉ፤ እግር ሲንሸራተት ምንጣፉ ይይዘውና ቁርጭምጭሚት ይዞራል።

አዳራሹን ሲያስይዙ አራት ነገሮችን ይጠይቁ፦ ከውጪ የሚመጣ ምግብ ይፈቀዳል ወይ? ምግብ አቅራቢው የኢንሹራንስ ወረቀት ማቅረብ አለበት ወይ? ሙዚቃ እስከ ስንት ሰዓት ይፈቀዳል? ሻማ ወይም ሌላ እሳት ይፈቀዳል ወይ? መልሱን በኢሜይል ይቀበሉ፤ በዕለቱ ያለው ተረኛ ጠባቂ በስልክ የተነገራችሁን አያውቅም።

ማስጠንቀቂያ፦ በአሜሪካ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ ማቅረብ ሕገ ወጥ ነው፤ ከመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ብዙዎቹ ደግሞ ከዚህ ዕድሜ በታች ናቸው። ኡዞ የተባለውን የግሪክ አረቄና ወይን ለማቅረብ ፈቃድ፣ አስተናጋጅና መታወቂያ ተቆጣጣሪ ስለሚያስፈልግ፣ ለተማሪዎች ምሽት ሎሚ ጭማቂና የማዕድን ውኃ ይበቃል።

4. ምግቡን ከእንግዶቹ አመጋገብ ተነሥተው ያዝዙ

በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ ሦስት ጥያቄዎች ይኑሩ፦ ይጾማሉ ወይ? የማይበሉት ሥጋ አለ ወይ? አለርጂ አለብዎት ወይ? የተቀረው ሁሉ ከዚህ መልስ ይነሣል።

የግሪክ ምግብ ቤት ሱቭላኪ (በእንጨት ተሰክቶ የሚጠበስ ሥጋ) ሲታዘዝ፣ የሥጋው ዓይነት ተለይቶ ካልተነገረ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው የአሳማ ነው። ኢትዮጵያውያን ኦርቶዶክሶችም ሙስሊሞችም አሳማ ስለማይበሉ ትእዛዙ ላይ «የዶሮ» ብለው ያስጽፉ፤ አሳማ ከተጠበሰበት ብረት የተለየ መጥበሻ እንዲጠቀሙም ይጠይቁ። ሥጋው በማን እንደታረደ የሚጠይቁ እንግዶች በሁለቱም ሃይማኖት ስለሚኖሩ፣ ከሥጋው እኩል የሚያጠግብ የአትክልት ምግብ ያቅርቡ። ሰላጣ ብቻውን እራት አይሆንም።

በጾም ቀን የግሪክ ማዕድ በራሱ ሀብታም ነው። ፋሶላዳ የነጭ ቦሎቄ ሾርባ ነው፤ ጊጋንቴስ ትልቁ ነጭ ቦሎቄ በቲማቲም ተጋግሮ የሚቀርብ ነው፤ ዶልማዳኪያ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ነው፤ ላጋና በንጹሕ ሰኞ የሚጋገር ሰሊጥ የተነሰነሰበት ጠፍጣፋ ዳቦ ነው፤ ሃልቫ ደግሞ ከሰሊጥ ወይም ከሰሞሊና የሚሠራ ጣፋጭ ነው። ለ40 ሰው ጊጋንቴስ የሚሠራ ሰው ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ደረቅ ቦሎቄ ከዋዜማው ጀምሮ 12 ሰዓት ይዘፍዝፍ፤ ሳይዘፈዘፍ የተቀቀለ ትልቅ ቦሎቄ ልጡ እየተቀደደ ውስጡ ጥሬ ይቀራል።

ግሪኩ የጾም የሚለው ግን ሁልጊዜ የእኛ ጾም አይደለም። በእነርሱ ሥርዓት ኦክቶፐስ፣ ሽሪምፕና ካላማሪ በጾም ይበላሉ፤ ታራሞሳላታ የተባለው ሮዝ ማባያም ከዓሣ እንቁላል ተሠርቶ በንጹሕ ሰኞ ገበታ ላይ አይታጣም። ኢትዮጵያዊ ጾመኛ ስሙን ሳያውቅ «ሰላጣ» ብሎ በዳቦ ይቀባዋል። ስለዚህ ካርዱ ላይ የምግቡን ስም ብቻ አይጻፉ፤ ከሥሩ ከምን እንደተሠራ ይጻፉ፦ «ታራሞሳላታ፤ የዓሣ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ዘይት፣ ሎሚ»። ስፓናኮፒታ የተባለው በስስ ሊጥ የተጋገረ ምግብ ስፒናች ብቻ ቢመስልም በአብዛኛው ፌታ አይብ አለበት። ባክላቫ ቅቤ ይቀባል፤ ለጾም ከሆነ በዘይት እንዲሠራ ይዘዙ።

ባክላቫ ለውዝ ወይም ዋልነት፣ ሃልቫና ላጋና ሰሊጥ እንዳላቸው በካርዱ ላይ በጉልህ ይጻፉ። ሰሊጥ ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ በአሜሪካ በምግብ ማሸጊያ ላይ መገለጽ ያለበት ዘጠነኛው ዋና አለርጂ ነው፤ ሰሊጥን እንደ አለርጂ የማያስቡ አብሳዮች ግን ዛሬም አሉ።

ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይቆይ፤ ማሞቂያ ከሌለ ከቀረበ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይነሣ። የቦሎቄና የሩዝ ምግብ ሥጋ ስለሌለው አይበላሽም የሚሉ አሉ። ለብ ብሎ የቆየ ሩዝ ሆድ ያውካል፤ በቴርሞሜትር ይለኩት።

ቫሲሎፒታ ካለ ሳንቲሙን በአልሙኒየም ፎይል ይጠቅልሉ። ኬኩ ተጋግሮ ከቀዘቀዘ በኋላ ከሥሩ በቢላዋ ጫፍ ትንሽ ሰንጥቀው ያስገቡትና ገልብጠው ሳህን ላይ ያስቀምጡት፤ ከላይ ከገባ ስንጥቁ ይታይና ጨዋታው ይበላሻል። ሲቆረስ የመጀመሪያው ቁራሽ የክርስቶስ፣ ቀጣዩ የእመቤታችን ይባላል፤ ከዚያ በዕድሜ ቅደም ተከተል ለተገኙት ይታደላል። ማንም ሳይጎርስ በፊት «ሳንቲም አለበት» ብለው በማይክ ይናገሩ፤ ልማዱን የማያውቅ እንግዳ ሊታነቅ ወይም ጥርሱን ሊሰብር ይችላል።

5. ጭፈራውን ከሙዚቃው በፊት ያስተምሩ

ከግሪክ ተማሪዎች መካከል ጭፈራ የሚችል አንድ ሰው መሪ፣ አንድ ሰው ደግሞ የክቡን ጭራ የሚይዝ ይመደብ። ጀማሪ በሁለት አዋቂዎች መካከል ሲገባ እግሩን ከጎረቤቱ ይማራል፤ ጭራው ላይ ጀማሪ ብቻ ከቀረ ሰልፉ ይበጠሳል።

ካላማቲያኖስ የተባለውን የክብ ጭፈራ አስቀድሙ። ምቱ ሰባት ሲሆን የሚከፈለውም ሦስት፣ ሁለት፣ ሁለት ሆኖ ነው፤ እርምጃው 12 ነው። እግር ከመነሣቱ በፊት ሁሉም ቆመው «ረጅም፣ አጭር፣ አጭር» እያሉ ያጨብጭቡ፤ ጆሮ ምቱን ሳይለምድ እግር አይታዘዝም። ቀጥሎ ያለ ሙዚቃ በዝግታ ይሂዱ፤ ክቡ ወደ ቀኝ ይሄድና በመጨረሻው ላይ ጥቂት ወደ ኋላ ይላል። ሙዚቃው የሚከፈተው ሦስተኛው ዙር ላይ ነው። እጅ የሚያያዘው ክርን ታጥፎ በትከሻ ከፍታ ነው።

እስክስታ ለለመደ ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በዚህ ጭፈራ ሥራው የእግር ነው፤ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ እጅ ለእጅ በመያያዛችሁ መናወጡ ለጎረቤት ይተላለፋል፣ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱም ምቱን ይስታሉ። ትከሻውን ለምሽቱ ሁለተኛ ክፍል፣ እናንተ እስክስታ ለምታስተምሩበት ያቆዩት።

ወደ ክቡ የሚገባ ሰው በጭራው ወይም በመካከል ይግባ እንጂ ከመሪው ፊት አይቅደም። መሐረብ የያዘው ሰው ሰልፉን የሚመራ ነው፤ ቦታውን መንጠቅ እንደ ድፍረት ይቆጠራል።

ዜይቤኪኮ ግን የክብ ጭፈራ አይደለም። አንድ ሰው ብቻውን ተነሥቶ በከባዱ የዘጠኝ ምት ይጨፍራል፤ ጓደኞቹ ዙሪያውን አንድ ጉልበታቸውን አንበርክከው ያጨበጭቡለታል። የሚጨፍረውን ሰው ለማድመቅ ብሎ አብሮ መግባት እኛ ዘንድ ፍቅር ቢሆንም እዚያ ነውር ነው። አስተዋዋቂው ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይህን ይንገር።

ማስጠንቀቂያ፦ ሳህን አይሰበር። ስባሪው ክፍት ጫማ ያደረገውን ሁሉ ይቆርጣል፤ ወለሉም ከተቧጨረ ክፍያው በእናንተ ላይ ነው። በምትኩ የወረቀት ናፕኪን ወደ ላይ ይበተን፤ ግን ዘፈኑ እንዳበቃ ይጠረግ፣ ወረቀት ያንሸራትታል።

6. የምሽቱን ሰዓት ይደልድሉ

በር ከተከፈተ በኋላ ለሰላምታና ለቀላል ምግብ 30 ደቂቃ፣ ለጭፈራ ትምህርት 25 ደቂቃ፣ ለእራት 45 ደቂቃ፣ ከዚያ ለጭፈራ አንድ ሰዓት ተኩል ይመድቡ። ትምህርቱ ከእራት በፊት የሚሆነው በሁለት ምክንያት ነው፦ የጠገበ ሰው አይነሣም፤ የማይተዋወቁ እንግዶችም እጅ ለእጅ ከተያያዙ በኋላ እራት ላይ አብረው ይቀመጣሉ። ንግግር ከአምስት ደቂቃ አይለፍ። በበዓል ቀን «ክሮኒያ ፖላ» (ብዙ ዓመት) ማለትን፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ «ክሪስቶስ አኔስቲ» (ክርስቶስ ተነሥቷል) ሲባሉ «አሊቶስ አኔስቲ» (በእውነት ተነሥቷል) ብለው መመለስን ለእንግዶች ማስተማር በቂ ነው።

7. ጉዞውን ያቅዱ

ከሦስቱ የጉዞ ዓይነቶች አንዱን ይምረጡ፤ ሁለቱን በአንድ ቀን አይደርቱ።

የባልቲሞር ጉዞ። በዋልተርስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የጥንታዊ ግሪክ ሥራዎች፣ የቢዛንታይን ሥዕላትና የኢትዮጵያ መስቀሎች፣ ሥዕሎችና የብራና መጻሕፍት በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚገኙ፣ ለጋራ ጉዞ ከዚህ የተሻለ ቦታ በአካባቢው አላውቅም። መግቢያው ነጻ ነው፤ ሰኞና ማክሰኞ ዝግ ስለሆነ ግን ቅዳሜን ይምረጡ፣ የወቅቱንም ሰዓት ከሙዚየሙ ያረጋግጡ። ከዋሽንግተን ዩኒየን ጣቢያ በማርክ ባቡር የፔን መስመር ተሳፍረው ባልቲሞር ፔን ጣቢያ ይወርዳሉ፤ ጉዞው አንድ ሰዓት ያህል ነው፣ ከዚያ ወደ ሙዚየሙ በቻርልስ ጎዳና 20 ደቂቃ ያህል በእግር ነው። ቅዳሜና እሑድ ባቡሮቹ ጥቂት ስለሆኑ መጀመሪያ የመመለሻውን ሰዓት ይወስኑ፤ የቀኑ ፕሮግራም ከዚያ ወደ ኋላ ይሰላል። ቡድኑ ግሪክና ኢትዮጵያዊ እየሆነ ሁለት ሁለት ሰው ይጣመር፤ እያንዳንዱ የራሱን ወገን አንድ ሥራ ለጓደኛው ያስረዳ። እንዲህ ካልሆነ ሁሉም ከሚያውቀው ጋር ተከፋፍሎ ይዞራል።

ለምሳ በከተማው ምሥራቅ በኢስተርን አቬኑ ወዳለው ግሪክታውን ይሂዱ። ከሙዚየሙ ሩቅ ስለሆነ በእግር አይሞከርም፤ መኪና ወይም አውቶቡስ ያስፈልጋል። ከ10 ሰው በላይ ከሆናችሁ ጠረጴዛ አስቀድማችሁ አስይዙ፤ ሒሳቡ በነጠላ ይከፈል እንደሆነም ጠይቁ። ወደ ባልቲሞር መሄድ ካልተመቸ በጆርጅታውን ያለው የደምባርተን ኦክስ ሙዚየም የቢዛንታይን ስብስብ አለው።

የንጹሕ ሰኞ የካይት ጉዞ። ግሪኮች በዚህ ቀን ከቤት ወጥተው ካይት ያበርራሉ፤ የጾም ምግብም ሜዳ ላይ ይበላሉ። በአሜሪካ ቀኑ የትምህርት ቀን ስለሆነ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይደረግ፤ ያኔ ሁለቱም ወገን ጾመኛ ስለሚሆን የምግቡ ጉዳይ ከዓመቱ ሁሉ ቀላል ነው። በዋሽንግተን ሐውልት ዙሪያ ያለው ሜዳ ሰፊና ዛፍ የሌለው ነው። ከኤሌክትሪክ ሽቦና ከሰው መንገድ ይራቁ፤ ክር የሚይዝ ሰው ጓንት ያድርግ፤ ነፋስ ሲጎትት ቀጭን ክር ጣት ይቆርጣል።

የቤተ ክርስቲያን ጉብኝት። በማሳቹሴትስ አቬኑ ያለው የቅድስት ሶፍያ ካቴድራል በዋሽንግተን የታወቀው የግሪክ ቤተ ክርስቲያን ነው። በሰሙነ ሕማማት ለመሄድ ካሰቡ የዓርብ ምሽቱን ይምረጡ፤ የክርስቶስ መቃብር ምሳሌ በአበባ አጊጦ በሰልፍ የሚዞርበት ሥርዓት ነው። የቅዳሜው እኩለ ሌሊት የትንሣኤ ሥርዓት ከራሳችሁ ቤተ ክርስቲያን ጋር ይጋጫል። ዓርብ ምሽት ግን ከሥርዓቱ በኋላ እራት አያዘጋጁ፤ አክፍሎት የያዘ ኢትዮጵያዊ እስከ ፋሲካ አይቀምስም።

እዚያ ጫማ አይወለቅም፤ ወንድና ሴትም አብረው በአግዳሚ ወንበር ይቀመጣሉ። ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት በቁርባን አንድ ስላልሆኑ ሰልፉን ተከትለው ለመቁረብ አይቅረቡ። በቅዳሴ መጨረሻ የሚታደለው የተባረከ ዳቦ ግን ለሁሉም ስለሆነ ቢሰጥዎት ይቀበሉ። ፎቶ ለማንሣት አስቀድሞ ፈቃድ ይጠየቃል።

8. ሒሳቡንና ዕቃውን በዚያው ምሽት ይዝጉ

ደረሰኞችን ሁሉ ከመበታተናችሁ በፊት ፎቶ አንሥታችሁ በአንድ ቦታ አስቀምጡ፤ የሙቀት ወረቀት ደረሰኝ በሳምንታት ውስጥ ይደበዝዛል፣ የማይነበብ ደረሰኝ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ሒሳብ ክፍል አይመልስም። ባዶውን አዳራሽ ከመውጣታችሁ በፊት ከአራቱም ማዕዘን ፎቶ አንሡት። የተረፈው ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጪ ከቆየ አይታደል።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

- የጥንት ግሪክ ልብስ መልበስ። ነጭ አንሶላ ለብሶ የቅጠል አክሊል ማድረግ ግሪክ እንግዳን ያስቀይማል። ጋባዡ ማኅበር የባህል ልብስ ካለው እርሱ ይልበስ፤ እናንተ የሐበሻ ልብስ ልበሱ።
- ፊልም ያለ ፈቃድ ማሳየት። መግቢያው ነጻ ቢሆንም ለሕዝብ የማሳየት መብት ያስፈልጋል። የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት መብቱ ያላቸውን ፊልሞች ይነግራችኋል።
- ሙዚቃውን በጣም ማስጮህ። ጀማሪ የመሪውን ድምፅ ካልሰማ እግሩ ይጠፋበታል። በትምህርቱ ጊዜ ድምፁ ግማሽ ይሁን።
- በማስታወቂያው ላይ ቀኑን በአንድ አቆጣጠር ብቻ መጻፍ። ከወላጆቻቸው ጋር የሚመጡ እንግዶች ካሉ የኢትዮጵያንም ቀን ይጨምሩ፤ ሰዓቱንም «ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በአሜሪካ 7 ፒኤም» ብለው ይጻፉ። በአንዱ ብቻ የተጻፈ ሰዓት ስድስት ሰዓት ያሳስታል።
- ለተመዘገበው ቁጥር ልክ ምግብ ማዘዝ። ነጻ ዝግጅት ላይ ከተመዘገበው ውስጥ የሚቀር አለ፤ ሳይመዘገብ ጓደኛ ይዞ የሚመጣም አለ። ሥጋውን በተመዘገበው ልክ፣ የጾም ምግቡን ግን በሩብ አብዝተው ይዘዙ፤ የጾሙን ሁሉም ሰው ይበላዋል፣ የሥጋውን ግን ሁሉም አይበላም።